ቀቢው ጌታሁንና የኋላው ግድግዳ

ጌታሁንን ያወቅሁት ብሩሽ ሲገዛ ነው። አየር ጤና፣ ከታክሲ ተራው ከፍ ብሎ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ፤ ሚስማር፣ ጀሶ፣ ቧንቧ፣ ቀለም እሸጣለሁ። ስሜ ኢብራር ይባላል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ግድም አንድ ረጅም ቀጭን ልጅ፣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች በነጭ ቀለም ተጨማልቆ መጣና ሁለት ብሩሽ አንስቶ ፀጉራቸውን በጣቱ እየጎተተ ፈተሸ።

"ይሄኛው ይነቅላል፣ ሌላ የለህም?" አለኝ።

ዕቃ የሚያውቅ ሰው ደስ ይለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛዬ ሆነ፣ ውሎ አድሮም ወዳጄ።

በአየር ጤና፣ በረጲና በካራ ቆሬ ያሉ አከራዮች ተከራይ ሲለቅባቸው ሌላው ከመግባቱ በፊት የሚጠሩት እሱን ነበር። ክፍሉ የቱንም ያህል ቢጎሳቆል በሁለት ቀን አዲስ አስመስሎት ይወጣል። የሻገተውን በስፓቱላ ይፍቃል፣ በበረኪና ያጥባል፣ የተቦረቦረውን በጀሶ ይደፍናል፣ ከዚያ ቀለም ሁለት ጊዜ ይደርብበታል። ቤት ፈላጊው ሲገባ የሚያየው ክሬም የመሰለ ግድግዳ ብቻ ነው። ክረምት ሲመጣ ሻጋታው ተመልሶ እንደሚወጣ ጌታሁንም ያውቃል፣ አከራዩም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ያኔ ግን ሰውየው ገብቷል፣ አልጋውን ዘርግቷል፣ ልጁን ትምህርት ቤት አስመዝግቧል። ለሻጋታ ብሎ ቤት የሚለቅ ሰው አላየሁም።

ሚስቱ ጫልቱ የሆለታ ልጅ ናት። የተዋወቁት ቸርች ውስጥ ነው፤ እሷ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች፣ እሱ ከፕሮግራሙ በፊት ወንበር ይደረድራል። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በሆሳዕና ዕለት ስለተወለደች ሆሳዕና አሏት፤ እኛ ግን ሆሲ ነበር የምንላት። ጫልቱ በአንድ መዋለ ሕፃናት በጽዳት ተቀጥራ ስለነበር ልጅቷም እዚያው ትማር ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሱቄ ጎራ ካሉ ሆሲ የቀለም ናሙና ወረቀቱን ትለምነኝና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የእያንዳንዱን ቀለም ስም ራሷ ታወጣለታለች። ቢጫውን "የዶሮ እግር" ትለው ነበር።

ሆሲ አምስት ዓመት ሲሞላት እትዬ ከበደች የግቢያቸውን የኋላ ክፍል ለጌታሁን ሊያከራዩት ፈለጉ። እትዬ ከበደች ረጲ አካባቢ ሰፊ ግቢ ያላቸው ባልቴት ናቸው። የጌታሁን ዋና ደንበኛ ነበሩ፤ የራሳቸውን ክፍሎችም የወንድሞቻቸውንም ቤቶች የሚቀባው እሱ ነው። ያቺን የኋላ ክፍል ከሁለት ወር በፊት የቀባትም እሱ ነበር።

"ራስህ የቀባኸው አይደለም እንዴ?" አለችው ጫልቱ። "ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ እያወቅህ?"

"ስለማውቀው ነው የማልፈራው። ሲመለስ አጠፋዋለሁ" አላት።

ክፍሏ አንድ ናት። አልጋው የሚቆመው በኋላው ግድግዳ ብቻ ነው፤ በሌላው በኩል በር፣ መስኮትና የማብሰያው ጠረጴዛ አለ። የኋላው ግድግዳ የግቢው ወሰን ስለሆነ ከጀርባው የሌላ ሰው ግቢ ነው። የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼም ሩቅ አይደለም። ነፋሱ ወደነሱ በዞረ ቀን መስኮት መክፈት አይታሰብም፣ በክረምት ደግሞ ሽታው ይብሳል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም መስኮቱ እንደተዘጋ ይከርማል። እዚያው ይበስላል፣ የታጠበ ልብስ እዚያው ይንጠለጠላል፣ ሦስት ሰው እዚያው ይተነፍሳል። ጠዋት ሲነሱ የመስኮቱ መስታወት ውሃ ያንጠባጥባል።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ከአልጋው ራስጌ በላይ የከሰል ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ነገር ታየ። ሳምንት ሳይሞላው መዳፍ አከለ። ጌታሁን ፋቀው፣ ቀባው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከቀባው ቦታ ጎን ወጣ። ነሐሴ ላይ ጫልቱ ፍራሹን ስታነሳ ከሥሩ ግራጫ ፀጉር አብቅሎ አገኘችው። አልጋው ሥር የነበረው የሆሲ የበዓል ጫማ አረንጓዴ ሆኗል። ያን ክረምት ጌታሁን ከእኔ ዘንድ ለዚያች አንዲት ግድግዳ ሦስት ጊዜ ቀለም ገዛ።

"ግድግዳህ ይጠጣዋል እንዴ?" ብዬ ቀለድኩበት።

"እልህ አስያዘኝ" አለና ሳቀ።

ሆሲ መሳል የጀመረችው ያኔ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ቶንሲል፤ ሽሮፕ ተሰጣት። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣ ተሻላት፤ ሁሉም ረሳው። በሁለተኛው ክረምት ግን ሳሉ ብቻውን አልመጣም። ደረቷ ውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ ግድግዳ ትደገፋለች። ጌታሁን፣ ልጅ ነች ታድጋለች ይል ነበር። ጫልቱ ግን ቀኑን ሙሉ ልጅቷ ባለችበት ግቢ የምትውል ሴት ነች፤ ታያታለች። መዋለ ሕፃናት ስትውል አትስልም። ማታ ገብታ በተኛች በሰዓቱ ይጀምራታል። በሐምሌ መጀመሪያ አሥር ቀን ሆለታ እናቷ ዘንድ ይዛት ሄደች፤ ከብርዱ ጋር፣ ከጭቃው ጋር፣ ልጅቷ አንድ ቀን አልሳለችም።

ስትመለስ "ልጄን የሚያማት ቤቱ ነው" አለችው።

"እናትሽ ቤት ወተት አለ፣ ለዚያ ነው" አላት።

ጤና ጣቢያ ያገኟት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። በመዳመጫው የሆሲን ጀርባ ከላይ እስከ ታች አዳመጠች፣ አስም መሆኑን ነገረቻቸው፣ ከዚያ ያልጠበቁትን ጥያቄ ጠየቀች።

"የምትኖሩበት ቤት ይሻግታል?"

"አዎ፣ የምትተኛበት ግድግዳ" አለች ጫልቱ።

"አጥፍቼዋለሁ" አለ ጌታሁን። "ሥራዬ ነው።"

"በምን አጠፉት?"

"በዘይት ቀለም።"

"ሸፈኑት እንጂ አላጠፉትም" አለችው። "እርጥበቱ እስካለ ከሥሩ ይበቅላል። የቀለሙም ሽታ ለእሷ ደረት አይሆንም። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጋችሁ አስቁሙት። እስከዚያ እዚያ ክፍል አታስተኟት።"

ትንፋሽ ሲያጥራት አፏ ውስጥ የሚነፋ፣ ሰው ፓፍ የሚለውን መድኃኒት አዘዘችላት። በዚያው ቀን ከሰዓት ጌታሁን ሱቄ መጥቶ ነገሩን ሁሉ አጫወተኝ። ተናዶ ነበር። "ትናንት የተመረቀች ልጅ ስለ ግድግዳ ልታስተምረኝ" አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ዛሬ የሚያሳፍረኝ ሳቅ ነው።

ሆኖም ቃሏ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ነበርና እትዬ ከበደችን አነጋገራቸው።

"እትዬ፣ ከጀርባ ውሃ ሳይገባ አይቀርም። ጎረቤትዎን ብንጠይቃቸው?"

"ሰብስቤን? በአጥር ተጣልተን ስድስት ዓመታችን፣ ደጁን አልረግጥም። አንተም የእኔ ሰው ሆነህ እንዳትረግጥ። ክረምቱ ይውጣና እናየዋለን። እስከዚያ ቀለም ንካው።"

እሺ ብሎ ወጣ። አቶ ሰብስቤ በር ድረስ ቢሄድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ኋላ ሲነግረኝ፣ "ሥራ የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው፣ ማስቀየም ፈራሁ" አለኝ። ሌላ ምክንያት አልደረደረም።

ጫልቱ አልጋውን ከግድግዳው ለማራቅ ሞከረች፤ በሩ አልከፈት አለ። ለሆሲ በሌላው ጫፍ፣ ከጠረጴዛው ሥር ፍራሽ አነጠፈችላት። ልጅቷ ለሁለት ሌሊት ጨዋታ መስሏት ተኛችበት፣ በሦስተኛው ወለሉ በረደኝ ብላ ወደ አልጋው ተመለሰች።

ነሐሴ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ጌታሁን ከእኔ አንድ ቆርቆሮ የዘይት ቀለም ወሰደ። ቀኑን ሙሉ ይዘንባል። ጫልቱ ፀሐይ እስኪወጣ ተወው ብላው ነበር፤ ግድግዳው ግን እስከ ኮርኒሱ ጠቁሮ ስለነበር ማየቱ አስጠላው። እሷና ልጅቷ ጎረቤት በዋሉበት ፍቆ፣ አጥቦ፣ ሙሉውን ግድግዳ ቀባው። ሲመሽ መስኮቱን ከፈተው፤ የቆሼ ሽታ ከዝናቡ ጋር ገባ፤ መልሶ ዘጋው። እዚያው አደሩ።

እሑድ ጠዋት ለቸርች እየተዘጋጁ ነበር። ጫልቱ ፀጉሯን ልትሠራት ሆሲን ከፊቷ አስቀምጣት የልጅቷ ትከሻ ከፍ ዝቅ ሲል አየች።

"ሆሲ፣ ምነው?"

ልጅቷ ልትመልስ ሞከረች። አንዱን ቃል አወጣችና ለሁለተኛው ትንፋሽ አነሳት። ፓፉን አመጡ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አራቴ ነፉላት፤ አልለቀቃትም። ጌታሁን አቅፏት ወጣ። ባጃጅ እስኪያገኝ በጭቃው ውስጥ ሮጠ፤ ጫልቱ የሆሲን ሹራብ ይዛ ከኋላው። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የልጅቷ ከንፈር ቀለሙን ለውጦ ነበር። ኦክስጅን ሰጧት፣ መርፌ ወጓት፣ አምቡላንስ ጠርተው ወደ ሆስፒታል ላኳት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች። ስድስት ዓመት ከአራት ወሯ ነበር።

ቀብሯ በማግሥቱ ሆነ። የቸርቹ ሰው ሁሉ ወጣ። እኔም ከሰፈሩ ነጋዴዎች ጋር ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ሰዉ፣ ጌታ ሰጠ ጌታ ነሳ እያለ ያጽናናቸው ነበር። ጌታሁን አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ጫልቱ ግን፣ አጠገቧ የተቀመጠች የቸርች እህት ይህንኑ ስትላት ቀና ብላ፣ "ጌታን ለዚህ አትጥሩት" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ በኋላ ያን ቃል እዚያ ድንኳን ውስጥ የደገመው ሰው የለም።

ሰባት ቀን ሳይሞላ እናቷ መጥተው ወደ ሆለታ ወሰዷት። ጌታሁን ዕቃውን ከእትዬ ከበደች ግቢ አወጣ። ፍራሹን አቃጠለው፤ እርጥበቱ በዝቶ አልነድ ብሎት ግማሽ ቀን ጤሰ። ራሱ አብረውት ከሚሠሩ ቀቢዎች ጋር ወለቴ ገባ። ሁለት ወር ብሩሽ አልነካም፤ ለሰው ሲሚንቶ ይሸከም ነበር።

ኅዳር ላይ እትዬ ከበደች ደወሉለት። አዲስ ተከራይ ስለተገኘ ክፍሏን እንዲቀባላቸው ነው የፈለጉት። ክፉ ሴት አይደሉም፤ በልቅሶው ጊዜ ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጡም። ክፍሉና የልጅቷ ሞት ግን በሐሳባቸው አልተገናኙም፤ ወይም እንዲገናኙ አልፈለጉም።

ጌታሁን ሱቄ መጣ። ቀለም አልጠየቀኝም። ዶማና አካፋ እንዳውሰው ለመነኝ። ፊቱ ስላላማረኝ ሱቁን ለወንድሜ ትቼ አብሬው ሄድኩ።

ክፍሏ ባዶ ናት። ስፓቱላውን በነሐሴው ቀለም ጠርዝ አስገብቶ ሲጎትት ቀለሙ እንደ እርጥብ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ተገሸለጠ። ከሥሩ ሌላ ቀለም፣ ከሥሩ ሌላ፣ ሁሉም የራሱ እጅ ሥራ፤ በየመካከሉ ጥቁር። ልስኑ ጋ ሲደርስ ጣቱን ቢጭነው እንደ ቅቤ ሰረገ። ክፍሉን የቆየ የጉድጓድ ሽታ ሞላው። ጌታሁን ጣቱን በሱሪው ጠረገና ወጥቶ ወደ አቶ ሰብስቤ በር ሄደ። አንኳኳ።

አቶ ሰብስቤ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። የልጅቷን ሞት ሰምተው ነበርና አስቀድመው እግዚአብሔር ያጽናህ አሉት። የመጣበትን ሲነግራቸው ቀጥ ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱን። የግድግዳው ጀርባ በአፈር ተቀብሯል። ግቢያቸውን ሲያስደለድሉ የተረፈውን አፈር ሠራተኞቹ እዚያ ከምረውት፣ ሣር በቅሎበት፣ የሰው ደረት ላይ ደርሷል። ጌታሁን ዶማውን ሁለት ጊዜ ሲሰነዝር ከሥሩ ውሃ አቆረ። ከባኞ ቤታቸው የሚወጣው የፍሳሽ ቱቦ መገጣጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። ሰው በታጠበ፣ ልብስ በታጠበ ቁጥር ውሃው በአፈሩ ውስጥ አልፎ ወደ ግድግዳው ሲገባ ኖሯል። ስንት ዓመት እንደሆነ ማንም አያውቅም።

"ማን ነግሮኝ?" አሉ አቶ ሰብስቤ። "አንድ ሰው መጥቶ አልነገረኝም። ቢነግሩኝ በዚያው ቀን አሠራው ነበር።"

ጌታሁን መቆፈር ቀጠለ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረን ለምሳ አፈሩን አንስተን፣ የተሰነጠቀውን ቱቦ ቀይረን፣ ከግድግዳው ሥር ውሃ ማሳለፊያ ቦይ ቀደን ጨረስን። መገጣጠሚያው ከእኔ ሱቅ የመጣ፣ ከአንድ ብሩሽ የረከሰ ዕቃ ነው። ሲያልቅ ጌታሁን አካፋውን አስደግፎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ግማሽ ቀን" አለኝ። "ኢብራር፣ ግማሽ ቀን ነው የፈጀው።"

አቶ ሰብስቤ ውሃ አመጡለት፤ ኩባያውን ይዞ ሳይጠጣ ቆየ።

ከሰዓት በኋላ አዲሷ ተከራይ ክፍሉን ልታይ መጣች። ኤቢሴ ትባላለች፤ ባሏ አየር ጤና ጋራዥ የሚሠራ፣ የአራት ወር ልጅ ያዘለች ወጣት። እትዬ ከበደች የተገሸለጠውን ግድግዳ ሲያዩ ደነገጡ።

"ምን አደረግህብኝ? ቅባው ነው እኮ ያልኩህ።"

"አልቀባውም እትዬ" አላቸው። ወደ ኤቢሴ ዞሮ እንዲህ አለ፤ "እህቴ፣ እዚህ ክፍል የነበርኩት እኔ ነኝ። ልጄ የታመመችው እዚህ ነው፣ ሞታለች። ውሃውን ዛሬ አስቁመነዋል፣ ግድግዳው ግን እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል። ሕፃን ይዘሽ አትግቢ።"

እትዬ ከበደች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። ኤቢሴ ግድግዳውን አየች፣ የታዘለውን ልጅ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካከለችው።

"አሥራ አንድ ቤት አይተናል" አለች። "አንዱ ልጅ ካላችሁ አናከራይም ይላል፣ ሌላው ከነጭራሹ መስኮት የለው። የነበርንበት ደግሞ ሊፈርስ ቀን ተቆርጦለታል። እንዲህ እውነቱን የነገረኝ አንተ ብቻ ነህ። ግን የት ልሂድ ወንድሜ?"

እሷና ባሏ ከሦስት ቀን በኋላ ገቡ።

የገቡት የተነገራቸውን አልሰማ ብለው አይደለም፤ ድህነት ነው። ስለዚህ ጌታሁን የሚችለውን አደረገ። ከኮርኒሱ ሥር ሁለት መተንፈሻ ቀዳዳ ከፍቶ ወንፊት ሽቦ ገጠመበት። የበሰበሰውን ልስን እስከ ብሎኬቱ ድረስ አረገፈው። አልጋው በበሩ በኩል እንዲቆም የበሩን አከፋፈት ወደ ውጭ ቀየረው፤ ይኼን ከዓመት በፊት ለሆሲ ማድረግ ይችል እንደነበር እኔም እሱም እናውቃለን፣ አላነሳነውም። ከዚያ በየቅዳሜው እየሄደ ግድግዳውን በመዳፉ ይነካ ነበር። የካቲት ላይ ደረቀ። በቀጣዩ ክረምት ግርጌው ላይ ትንሽ ጠቆረ እንጂ ወደ ላይ አልወጣም። የኤቢሴ ልጅ ደህና ነው፤ ባለፈው ሰሞን ሲራመድ አይቼዋለሁ።

ጫልቱ ጥር ላይ ከሆለታ ተመለሰች። አሁን ወለቴ፣ ፎቅ ላይ አንድ ደረቅ ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። የመዋለ ሕፃናቱን ሥራ ትታ ዳቦ ቤት ገብታለች። ቸርች ትሄዳለች፣ ኳየር ግን አትቆምም። ጌታሁንን ስትወቅሰው ሰምቼ አላውቅም፤ እሱም ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር ይላል። አንድ ቀን እሱን ፍለጋ ሱቄ መጥታ ሳለ ቀለሞቹ የተደረደሩበትን መደርደሪያ ስታይ ቆየችና ጠየቀችኝ።

"ኢብራር፣ ቀለሙ ነው ወይስ ሻጋታው?"

"አላውቅም እህቴ" አልኳት።

"ሐኪሞቹም አያውቁም" አለችና ወጣች።

ጌታሁን ተመልሶ ይቀባል፤ ሌላ ሙያ የለውም። ሥራ ከመቀበሉ በፊት ግን የግድግዳውን ጀርባ ካላየሁ ይላል። ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ አሸንዳውን ያያል፣ የጎረቤት በር ያንኳኳል። በዚህ ምክንያት ከቀድሞ ደንበኞቹ ግማሹ ትተውታል፤ የእትዬ ከበደች ወንድሞች የመጀመሪያዎቹ ነበሩ።

ባለፈው ማክሰኞ ጦር ኃይሎች አካባቢ ቤት የሚያከራዩ አንድ ሰው ሱቄ ውስጥ አግኝተውት ሦስት ክፍል እንዲቀባላቸው ጠየቁት።

"ይሻግታል?" አላቸው።

"ትንሽ። ለዚህ አይደል የጠራሁህ?"

"ውሃው ከየት እንደሚመጣ ልይና መጀመሪያ እሱን እንሥራ። ከዚያ እቀባለሁ።"

"አንተ ቀቢ ነህ ወይስ ሐኪም?" አሉት። ተናደው ነበር። "ተከራዮቹ ቅዳሜ ይገባሉ።"

"ልጅ አላቸው?"

ሰውየው ወደ እኔ ዞረው ሁለት ባልዲ ነጭ ቀለም አዘዙ፤ ሌላ ቀቢ አላጣም አሉ። ጌታሁን በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ባልዲዎቹን አውርጄ ሸጥኩላቸው። እኔ ባልሸጥላቸው ከማዶው ሱቅ እንደሚገዙ አውቃለሁ፤ ለራሴም ያልኩት ይኼንኑ ነው።

ሰውየው ቀለሙን ባጃጅ ላይ አስጭነው ሲሄዱ ጌታሁን ሊገዛ የመጣውን ወንፊት ሽቦ ለክቶ አስቆረጠና ወደ ሥራው ሄደ።